ማርሞትን ማስኮት ለማድረግ፦ ከሥዕሉ እስከ ፉጨቱ

የሥዕል መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን አዲስ ማስኮት፣ ማለትም ትምህርት ቤቱን የሚወክል የእንስሳ ምልክት፣ ሲመርጥ ተማሪዎቹ ድምፅ ሰጡ። ንስርና ነብር ቀርተው ማርሞት አሸነፈ። ውጤቱ ሲነገር አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «ማርሞት ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እውነት ለመናገር እኔም ከስሙ በቀር ብዙ አላውቅም ነበር። ሥዕሉን ሳል፣ ልብሱን ስፋ፣ የሚለብሰውን ልጅ አሠልጥን የተባልኩት ግን እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሁለት ልብስ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው አልሆነም፤ ሁለተኛው እስካሁን እየሠራ ነው። አሁን ከማርሞት የተሻለ የትምህርት ቤት ማስኮት አለ ቢሉኝ አላምንም። ምክንያቴ አንድ ነው። ማርሞት የሚያደርገውን ነገር ተማሪም ሊያደርገው ይችላል። አንበሳ ግድግዳ ላይ ያምራል። ግን ተማሪ እንደ አንበሳ ምን ያድርግ? ያግሳ፤ ከዚያ አለቀ። ማርሞት ግን ጎረቤቱን ያስጠነቅቃል፣ ዘብ ይቆማል፣ የራሱን ሰው ሲያገኝ ሰላም ይላል፣ ሲበርደው ተቃቅፎ ይተኛል። ይህን ሁሉ ጊቢ ውስጥ በየቀኑ ማድረግ ይቻላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሳ ነው።

እንስሳውን ሳታውቁ እርሳስ አታንሱ

ማርሞት ጅራቱ ፀጉራም ከሆነው፣ ዛፍ ላይ ከሚሮጠው ከስኩዊረል ቤተሰብ ነው። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ በክብደት የሚተካከለው የለም። ግን ዛፍ ላይ አይኖርም፤ መሬት ቆፍሮ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚኖረው። 15 ገደማ ዝርያዎች አሉት። ሁሉም የሚኖሩት በሰሜኑ የምድር ክፍል ነው፤ አብዛኞቹም ተራራ ላይ። ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቅ ሽኮኮ ያየ ሰው መልኩን ቶሎ ይይዘዋል። በዘር ግን አይገናኙም። ይህን ለተማሪዎቻችሁ በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው። እኔ ሳልናገር ቀርቼ ከሰባ በላይ የሽኮኮ ሥዕል ተሰበሰበልኝ። ሥዕሎቹ ያምሩ ነበር፤ ልጆቹን «ይህ አይደለም» ብሎ መመለስ ግን በጣም ከበደኝ።

የማርሞት ትልቁ ነገር ማስጠንቀቂያው ነው። ንስር ወይም ቀበሮ ሲያይ ስለታም ድምፅ ያወጣል። ሌሎቹ ወዲያው ወደ ጉድጓዳቸው ይሮጣሉ። ፉጨት ይባላል እንጂ በከንፈር የሚፏጭ አይደለም። አፉን ከፍቶ ከጉሮሮው የሚያወጣው ድምፅ ነው። ሆዱ ቢጫ የሆነው የሰሜን አሜሪካ ማርሞት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሁለት ነገር አሳይተዋል። አደጋው ሲጠነክር ጥሪው ይፈጥናል። ከሁሉም አብዝተው የሚጣሩት ደግሞ ግልገሎቻቸው ገና ከጉድጓድ የወጡላቸው እናቶች ናቸው። ይህችን ሁለተኛዋን ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ሌላው እንቅልፉ ነው። የአልፕስ ተራራ ማርሞት በዓመት ስድስት ወር አካባቢ ይተኛል። የሰውነቱ ሙቀት ወደ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል። ልቡ በደቂቃ የምትመታው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ብቻውን ግን አይተኛም። ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ጉድጓድ ገብቶ፣ ሣር አንጥፎ፣ መግቢያውን በአፈርና በድንጋይ ደፍኖ ተጣብቆ ይተኛል። በዚያ ዓመት የተወለዱት ትንንሾቹ ብቻቸውን ቢሆኑ ክረምቱን ማለፍ ይከብዳቸዋል። የትልልቆቹ ገላ ነው የሚያሞቃቸው። እኔ ይህን ለአንደኛ ክፍል ልጆች ስነግራቸው አንዱ «ታዲያ ትልልቆቹ አይበርዳቸውም?» ብሎ ጠየቀኝ። ይበርዳቸዋል። ትንንሾቹን ለማሞቅ ከስባቸው ብዙ ያቃጥላሉ፤ ሲነቁም ከስተው ነው። ያ ልጅ ለብዙ ቀን ስለዚህ ሲያወራ ነበር።

የትኛው ማርሞት?

«ማርሞት» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። አንዱን ዝርያ ምረጡ። የምትመርጡት ዝርያ ቀለማችሁን፣ ታሪካችሁን፣ ለተማሪ የምታስተምሩትን ይወስናል።

ግራውንድሆግ የሚባለውን ሁሉም ሰው በዜና ያውቀዋል። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ፐንክሰታውኒ በምትባል ከተማ ከእ.ኤ.አ. 1887 ጀምሮ ፌብሩዋሪ 2 ቀን የአየር ሁኔታ «ይተነብያል»። ታዋቂ ነው። ግን ለትምህርት ቤት አልመክረውም። ከማርሞቶች ሁሉ ብቸኝነት የሚወድ እሱ ነው። የአንድነት ምልክት ፈልጋችሁ ብቻውን የሚኖረውን መምረጥ አይሆንም።

የቫንኩቨር ደሴት ማርሞት ቡናማ ነው፤ አፍንጫው ዙሪያና ደረቱ ላይ ነጭ አለው። በካናዳ በዚያች ደሴት ብቻ ነው የሚገኘው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዱር የቀሩት ከ30 በታች ነበሩ። ከዚያ በመካነ አራዊት እየተዋለዱ ወደ ተራራቸው ተመለሱ፤ አሁን በመቶዎች ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ሙክሙክ የሚባል ትንሽ ማርሞት ነበር። ከዋናዎቹ ማስኮቶች መካከል አልነበረም፤ የእነሱ ጓደኛ ሆኖ ነው የተሳለው። ሕዝቡ ግን ወደደው። ሊጠፋ ደርሶ የተመለሰ እንስሳ ለአንድ ትምህርት ቤት ትልቅ ታሪክ ነው።

የኦሊምፒክ ማርሞት ደግሞ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በኦሊምፒክ ልሳነ ምድር ብቻ የሚኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የግዛቱ ብርቅዬ አጥቢ እንስሳ ተብሎ በሕግ ታወጀ። ሐሳቡን ያነሱትና የገፉት የሲያትል ከተማ አራተኛና አምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። እኛ የመረጥነው ይህን ነው። «የእናንተ እኩያዎች ናቸው ሕግ ያስወጡት» ስላቸው ልጆቹ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

«አያስፈራም» ለሚሏችሁ

በእርግጠኝነት ይመጣል። ብዙ ጊዜ ከስፖርት ቡድኑ ነው የሚመጣው። «ተጋጣሚዎቻችን ይስቁብናል» ይላሉ። እኔ የምነግራቸው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝን ታሪክ ነው። ተማሪዎቹ የሚወዱት ባናና ስለግ የሚባለውን ቢጫ፣ ቅርፊት የሌለው ቀንድ አውጣ ነበር። አስተዳደሩ የባሕር አንበሳን ይመርጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የተማሪዎቹ ድምፅ አሸነፈና ቀንድ አውጣው የዩኒቨርሲቲው ማስኮት ሆነ። እስከ ዛሬም ነው። የሚያስፈራ ስላልሆነ ማንም አልረሳውም። ነብር ያለው ትምህርት ቤት ስንት ነው? ማርሞት ያለውስ?

ይህን ካላችሁ በኋላ ግን ክርክር አታብዙ። ቡድኑ አንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ማርሞቱን ቆሞ ሲያየው ይገባዋል።

ሥዕሉ

ማርሞት ሲሳል የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ጆሮው ትንሽና ክብ ነው፤ ከጭንቅላቱ ጋር ይጠጋል። ጆሮውን ካሳደጋችሁት አይጥ ይሆናል። ጅራቱ ፀጉራም ቢሆንም አጭር ነው። ካስረዘማችሁት የዛፍ ስኩዊረል ይሆናል። አንገቱ ወፍራም ስለሆነ ጭንቅላቱ በቀጥታ ትከሻው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ሰውነቱ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለ ነው። የፊት እግሩ ላይ የሚታዩት ጣቶች አራት ናቸው፤ የኋላው ላይ አምስት።

ጥርሱ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። የፊት ጥርሶቹ ዕድሜውን ሙሉ የሚያድጉ ናቸው፤ ስለዚህ ሠዓሊ ሁሉ አርዝሞ መሳል ያምረዋል። እኔም አርዝሜ ሳልኩ። ትንንሾቹ ፈሩት። በሁለተኛው ሥዕል ጥርሱ ከላይኛው ከንፈር ሥር ብቅ እንዲል ብቻ አደረግኩ። ፊቱ ወዲያው ደግ ሆነ።

አቋሙን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ጡጫ እንዳታስጨብጡት። የተቆጣ ማርሞት ማንንም አይመስልም። በኋላ እግሩ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እጆቹ ደረቱ ላይ የተሰበሰቡ፣ ራቅ ብሎ የሚያይ ማርሞት ሳሉ። ዘብ ሲቆም እንዲህ ነው የሚሆነው። አርማው በጣም ትንሽ ሆኖ ደብተር ላይ ሲታተም እንኳ ያ ቁመና ይለያል። ለመፈተሽ ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ቀቡት። ጥላው ብቻ ቀርቶ ማርሞት መሆኑ ከታወቀ ሥዕሉ ደርሷል።

ልብሱ

የመጀመሪያውን ጭንቅላት የሠራሁት ከካርቶንና በሙጫ ከተነከረ ጋዜጣ ነው። ሲደርቅ አማረ፤ ግን ከበደ። የለበሰው ልጅ ሲዘል ጭንቅላቱ ዞሮበት ዓይኑ ወደ ጎን ሄደ። ልጁ ምንም ሳያይ ከግድግዳ ጋር ተጋጨ። አልተጎዳም፤ ተመስገን። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። በማግስቱ ያን ጭንቅላት ጣልኩት።

ሁለተኛውን በብስክሌት ሄልሜት ላይ ሠራሁት። ሄልሜቱ ቀላል ነው፣ ቀዳዳ አለው፣ አገጭ ሥር ይታሰራል፤ ልጁ ሲዞር አብሮ ይዞራል። በሄልሜቱ ላይ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ስፖንጅ በቁራጭ በቁራጭ አጣብቁ። ማስቲሹን በሁለቱም ገጽ ቀቡ፤ ሲነካ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ጠብቁ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ጫኑት። ይህን ደጅ ላይ ሥሩት፤ ሽታው ራስ ያዞራል። ጉንጮቹን ሰፋ፣ አናቱን ጠፍጣፋ፣ አፍንጫውን አጭር አድርጉ። ቅርጹን በመቀስ እየከረከማችሁ አውጡት። ትንሽ ትንሽ ነው የሚቆረጠው፤ በየመሃሉ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳችሁ እዩት።

ልጁ በየት ይይ? በዓይኑ አይደለም። ማርሞት ሲጣራ አፉን ይከፍታል ብያለሁ። አፉን ክፍት አድርጋችሁ ሥሩትና ውስጡን በጥቁር ወንፊት ጨርቅ ሸፍኑት። ከውጭ ሲያዩት ጨለማ ብቻ ነው። ከውስጥ ግን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። አየርም በዚያው ይገባል። አናቱ ላይ ደግሞ ፀጉሩ የሚሸፍነው ቀዳዳ ተዉ፤ ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ በዚያ ይወጣል። እኛ ከኮምፒውተር የወጣ ትንሽ ማራገቢያ በባትሪ አገናኝተን እዚያ ገጠምን። ለልጁ ያለው ለውጥ የማይታመን ነው።

አሁን ፀጉሩ። ፀጉራም ጨርቅ በመቀስ አይቆረጥም። ገልብጡት፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ አስምሩ፤ ከዚያ በምላጭ ወይም በካተር ጀርባውን ብቻ ክፈሉት። ፀጉሩ ሳይነካ ይለያያል። በመቀስ ከቆረጣችሁት ግን ፀጉሩ አብሮ ይቆረጥና መጋጠሚያው ላይ መላጣ መስመር ይወጣል። የፀጉሩ አቅጣጫ ሁልጊዜ ወደ ታች ይሁን። አፍንጫው ላይ ብቻ ከአፍንጫ ወደ ግንባር ይሄዳል። ስትሰፉ ስፌት ውስጥ የገባውን ፀጉር በመርፌ ጫፍ እየጎተታችሁ አውጡት። ሰዓታት ይፈጃል። እኔ ከአራት ተማሪዎች ጋር አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ስንሠራ ዋልን። መጨረሻ ላይ አንዷ እጇን በጀርባው ላይ አሳልፋ «ስፌቱ የት ሄደ?» አለች።

ማርሞት አንድ ወጥ ቡናማ አይደለም። የፀጉሩ ጫፍ ነጣ ያለ ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩት አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሰፍታችሁ ስትጨርሱ ደረቅ ብሩሽ ላይ በጣም ትንሽ ክሬም ቀለም አድርጋችሁ ጫፍ ጫፉን ብቻ ዳስሱት። ጨርቅ የነበረው ነገር ገላ ይሆናል።

ሆዱን በስፖንጅ አትሙሉት። ልጁ በላብ ይጠመቃል። ቀለል ያለ የስፖንጅ ቀለበት ከትከሻ በማንጠልጠያ አውርዳችሁ ወገብ ላይ አንጠልጥሉ። መሃሉ ባዶ ስለሆነ አየር ያልፋል፤ ሲራመድም ሆዱ ይወዛወዛል፤ ሕዝቡ ይህን ይወዳል። ጓንቱን በአራት ጣት ስፉት፤ የልጁ የመጨረሻ ሁለት ጣቶች አብረው ይገባሉ። እግሩ ትልቅ ጫማ ይሁን፤ ውስጡ ግን ልጁ የራሱን ስኒከር ያድርግ። ሶሉ ጎማ ካልሆነ የስፖርት አዳራሽ ወለል ላይ ይንሸራተታል።

ውስጡ ያለው ልጅ

ብዙ ትምህርት ቤት ሁሉን ለልብሱ ያወጣና የሚለብሰውን ልጅ ይረሳዋል። ልብሱ ስድሳ በመቶ ቢሆን ልጁ መቶ ነው።

ማን ይልበስ? በጣም ተጫዋቹን ልጅ ስትሰጡት ራሱን ነው የሚጫወተው። እኛ ጋ እስካሁን ከለበሱት ሁሉ የበለጠችው በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። ስትለብሰው ሌላ ሰው ሆነች። ስለዚህ ለሁሉም ክፍት አድርጉት። የአምስት ደቂቃ ፈተና ስጡ፤ ያለ ልብሱ፣ ያለ ድምፅ፣ በገላ ብቻ። ያኔ ታዩታላችሁ።

ልብሱ ውስጥ መቆያው 15 ደቂቃ ነው። ቀኑ ሞቃት ከሆነ 10። ሰዓት የሚይዘው ልጁ አይደለም፤ አጃቢው ነው። ልጁ ጭብጨባ ሲሰማ ድካሙ አይታወቀውም። የኛ አንዱ ልጅ «ደህና ነኝ» እያለ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሲወጣ ፊቱ ነጭ ሆኖ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ውሃ አጠጥተን ጥላ ውስጥ አስቀመጥነው፤ ተሻለው። ከዚያ ቀን በኋላ ሕጉ አንድ ሆነ፤ አጃቢው ትከሻውን ሁለት ጊዜ መታ ካደረገ ጨዋታው መሃል ላይም ቢሆን ይወጣል። ልጁ ደግሞ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ካደረገ አሁኑኑ አውጡኝ ማለት ነው። ከመልበሱ በፊት ውሃ ይጠጣ። ራሱ ላይ ስስ የጥጥ ቆብ ያድርግ። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር።

አጃቢ የሌለው ማርሞት ከመልበሻው ክፍል አይውጣ። ልጁ እግሩን አያይም፤ ደረጃ አያይም፤ ጅራቱን የሚጎትተውን አያይም።

እንቅስቃሴው ላይ ሦስት ነገር አለማምዱት። አንደኛ፣ መቆም። ቀጥ ብሎ፣ እጅ ደረት ላይ፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ። ጭንቅላቱን ብቻ በዝግታ ያዙር። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ማርሞቱ በድንገት ቀጥ ብሎ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያይ ተመልካቹ ሁሉ ወደዚያ ያያል። እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ስምንት መቶ ሰው አንድ ላይ አንገቱን አዞረ። ሁለተኛ፣ ጎንበስ ብሎ እየተወዛወዘ መሮጥ። ሦስተኛ፣ ደክሞት ድንጋይ ላይ እንደሚዘረጋ ማርሞት መሬት ላይ በሆዱ መተኛት። ቡድኑ ሲመራ በሆድ መተኛት፣ ሲጨንቅ ቀጥ ብሎ መቆም። ከዚህ በላይ ዳንስ አያስፈልግም።

ትንንሽ ልጆች ጋ ማርሞቱ አይሄድም። ተንበርክኮ ይጠብቃል። የሚመጣው ልጅ ራሱ ይምጣ። የሚያለቅስ ካለ ጀርባውን ሰጥቶ ይራቅ። ሕዝብ ፊት ጭንቅላቱን ማውለቅ ፈጽሞ የለም።

ፉጨቱ

ለማርሞት ትምህርት ቤት ትልቁ ሀብት ይህ ነው፤ በጣም የተሳሳትነውም እዚሁ ላይ ነው። መጀመሪያ ለተማሪ ሁሉ የፕላስቲክ ፊሽካ አደልን። በመጀመሪያው የእግር ኳስ ጨዋታ ደጋፊዎቻችን አንድ ላይ ነፉት። ተጫዋቾቹ ዳኛው የነፋ መስሏቸው ቆሙ። የኛ አጥቂ ብቻውን ከበረኛው ጋር ነበር፤ እሱም ቆመ። ዳኛው ወደኛ መጥቶ አስጠነቀቀን፤ ትክክል ነበር።

ፊሽካዎቹን ሰበሰብን። ከዚያ ወደ እንስሳው ተመለስኩ። ማርሞት ፊሽካ የለውም፤ የሚጣራው በጉሮሮው ነው። እኛም በድምፃችን አደረግነው። አንዱ ወገን «ፊዩ!» ይላል፤ አጭርና ስለታም። ሌላው ወገን ይመልሳል። አደጋው ሲቀርብ ጥሪው እንደሚፈጥን ሁሉ ኳሱ ወደ ጎል ሲጠጋ ጥሪው ይፈጥናል። መጀመሪያ በየአምስት ሰከንዱ፣ ከዚያ በየሁለት፣ ከዚያ ያለ ማቋረጥ። ጎል ሲገባ ፀጥ። ሁሉም ቀጥ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተቆጥሮ ጩኸቱ ይፈነዳል። ያቺ የሦስት ሰከንድ ፀጥታ ከየትኛውም ከበሮ ትበልጣለች።

ጥሪው ከሜዳ ውጭም ይሠራል። አዳራሽ ውስጥ አንድ መምህር አንድ ጊዜ «ፊዩ» ካለ ሁሉም ዝም ብሎ ይቆማል። መጮህ ቀረ።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን እናት ላንሳ። ትምህርት ቤታችን ጥሪውን ጉልበተኝነትን ለማስቆምም ሊጠቀምበት ፈለገ፤ ጓደኛው ሲበደል ያየ ሁሉ ለመምህር ይናገር ተባለ። ትልልቆቹ ልጆች «ጠቋሚ አንሆንም» አሉ። ያልኳቸው ይህን ነው፤ ማርሞት የሚጣራው ማንንም ለማስያዝ አይደለም። ትንሽ ልጅ ያላት ናት ከሁሉም በላይ የምትጣራው። ልጁ እንዳይወሰድበት የሚጣራና ጓደኛውን ለማስቀጣት የሚናገር አንድ አይደሉም። ይህን በቃል ብቻ አልተውነውም። እያንዳንዱ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የሚንከባከበው አንድ አዲስ ገቢ ተሰጠው። የራሱ ልጅ ሲኖረው መጣራት ጀመረ።

ሰላምታና እንቅልፍ

የኦሊምፒክ ማርሞቶች ሲገናኙ አፍንጫ ለአፍንጫ ይነካካሉ። እኛ በሁለት ጣት አፍንጫችንን ነክተን ወደ ሰውዬው ጣት እንዘረጋለን፤ እሱም በሁለት ጣቱ ይነካል። ጠዋት በር ላይ ማርሞቱ ቆሞ በዚህ ሰላም ይላል። አዲስ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው ነገር ይህ ነው።

ከረጅሙ የዓመት እረፍት በፊት የመኝታ ቀን አለን። ጂም ውስጥ ፍራሽ እናነጥፋለን። ትንንሾቹ መሃል፣ ትልልቆቹ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ መብራት ይቀንሳል፤ አንድ ታሪክ ይነበባል። ሲመለሱ የመንቂያ ቀን ነው፤ መጀመሪያ ከበሩ የሚወጣው ማርሞቱ ነው። አላስካ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ፌብሩዋሪ 2ን የማርሞት ቀን አድርጋዋለች። የትምህርት ዘመናችሁ የሚስማማ ከሆነ ያን ቀን መውሰድ ትችላላችሁ። ካልሆነ የራሳችሁን ቀን ያዙ።

ሕያው ማርሞት ለማምጣት የሚያስብ አይጠፋም። አታድርጉት። ዱር እንስሳ ነው፤ ይጨነቃል፣ ይነክሳል። በሞንጎሊያና በማዕከላዊ እስያ ፕሌግ የሚባለው በሽታ ከማርሞት ወደ ሰው ያለፈበት ጊዜም አለ። ተማሪዎች በጉብኝት ተራራ ላይ ቢያገኙት ከሩቅ ይዩት፤ ምግብ አይስጡት። ከዚህ ይልቅ በዓመት አንድ ጊዜ ከማስኮት ሸቀጥ የተገኘውን ገንዘብ ለእንስሳው ጥበቃ ስጡ። ደረሰኙን ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ልጆቹ ቆመው ያነቡታል።

ስለ ልብሱ አያያዝ ልጨርስ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ገልብጡት። ውስጡን አልኮል በተቀላቀለ ውሃ ስስ አድርጋችሁ ርጩና ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ ስቀሉት፤ ፀሐይ ላይ ቀለሙ ይሄዳል። የጥጥ ቆቡ የእያንዳንዱ ልጅ የግሉ ይሁን። ፀጉሩን እርጥብ ሳለ አታበጥሩት፤ ሲደርቅ የውሻ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር እየገባ ይፈታዋል። ለረጅሙ እረፍት ስታስቀምጡት የማራገቢያውን ባትሪ አውጡ። ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አትክተቱት፤ ይሻግታል፤ የጨርቅ ከረጢት ይበቃዋል። ጭንቅላቱን ትራስ ላይ በጀርባው አስተኙት። በአፍንጫው ከተደፋ ስፖንጁ ተጨፍልቆ ይቀራል።